አራተኛው ሰው

ልጅነቱን በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ያሳለፈ ሰው ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፤ አክተሩ አይሞትም። ጥይት ይዘንብበታል፣ ከፎቅ ይወረወራል፣ መኪናው ገደል ይገባል፤ እሱ ግን ልብሱን አራግፎ ይነሳል። የሚሞቱት ወንበዴዎቹ ናቸው። ዘግይቶ የገባ ልጅም መጀመሪያ የሚጠይቀው «አክተሩ የቱ ነው?» ብሎ ነበር። እሱ ከታወቀ የማን ወገን እንደሆንን ታወቀ ማለት ነው።

ይህን ሕግ ያምታታብን አንድ ፊልም ነበር። ዶን ሲግል ያዘጋጀው፣ ክሊንት ኢስትውድ የሚሠራበት፣ በ1979 የወጣው የአልካትራዝ እስር ቤት የማምለጥ ታሪክ። (ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) በዚህ ፊልም አክተሩ ራሱ ወንበዴ ነው። አሳሪዎቹ ደግሞ ሕግ አስከባሪዎች። እኛ ግን ዘብ በኮሪደሩ በመጣ ቁጥር ከወንበዴው ጋር ትንፋሻችንን እንውጥ ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ሦስቱ ሰዎች በጨለማ ባሕር ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። መትረፋቸውንም መስጠማቸውንም የሚነግረን የለም። ከዚያ በኋላ በር ላይ ክርክር ሆነ። ገሚሱ «ሰጥመዋል» አለ፤ ገሚሱ «አክተሩ አይሞትም!» ብሎ ማለ። የቪዲዮ ቤቱን በር የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ፊልሙን ግን ከእኛ እኩል ተከታትለውታል። ክርክራችን ሲበርድ፣ «እሱስ ይሁን፤ ያ የቀረው ሰውዬ ምን ሆነ?» አሉን።

ሳቅንባቸው። የቀረ ሰው ምን ይሆናል? ቀረ ነዋ!

ከብዙ ዓመት በኋላ የእውነተኛውን ታሪክ ሰነድ ሳነብ ያ ሳቅ አሳፈረኝ። ለካ ከሁላችንም ዋናውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ኖረዋል።

አልካትራዝ ከሳንፍራንሲስኮ ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ዓለታማ ደሴት ናት። መጀመሪያ የጦር ምሽግ፣ ቀጥሎ የወታደር እስር ቤት ነበረች። በ1934 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሌሎች እስር ቤቶችን ያስቸገሩ እስረኞች የሚከማቹባት ቦታ አደረጋት። እነ አል ካፖንን ያስተናገደችው ያኔ ነው። የባሕሩ ውሃ ብርድ ነው፤ ሞገዱም ይወስዳል። እናም «ከዚህ የሚያመልጥ የለም» ተባለ። በ29 ዓመታት ውስጥ ግን 36 ሰዎች በ14 ሙከራዎች ዕድላቸውን ሞክረዋል። ይፋዊው መዝገብ እንዲህ ይላል፤ 23ቱ ተያዙ፣ 6ቱ በጥይት ተገደሉ፣ 2ቱ ሰጠሙ፣ 5ቱ ጠፍተው ቀሩ። ከአምስቱ ሦስቱ የእኛ ፊልም ሰዎች ናቸው።

ታዲያ እንዲህ የተፈራው ግንብ እንዴት ተበሳ? ፊልሙ ጀግናውን ስለሚያሳየን ግንቡን በደንብ አናየውም። እውነቱ ግን ግንቡ በዚያን ጊዜ በቁሙ እየሞተ ነበር። የባሕሩ ጨው ሲሚንቶውን በልቶታል፣ ቧንቧዎቹን አዝጓል። ደሴቷ የራሷ የመጠጥ ውሃ ስለሌላት ውሃው፣ ምግቡ፣ ነዳጁ ሁሉ በጀልባ ይመጣላታል። በ1959 አንድ እስረኛ በአልካትራዝ በቀን አሥር ዶላር ያህል ሲያስወጣ፣ አትላንታ በሚገኘው የፌዴራል እስር ቤት ሦስት ዶላር ብቻ ነበር። መንግሥት ራሱ «ይህን ነገር ብንዘጋው ይሻላል» ማለት ጀምሯል። «የማይደፈር» የሚለው ስም ከውጭ ገና አዲስ ቢመስልም ከውስጥ ፈርሷል። ስም ከግንብ በኋላ ብዙ ዓመት ይቆማልና።

ይህን ያዩት በየቀኑ ከግድግዳው ጋር የሚኖሩት ሰዎች ናቸው፤ አራት ሰዎች። ፍራንክ ሞሪስ ከልጅነቱ ጀምሮ በማሳደጊያና በእስር ቤት የኖረ፣ አእምሮው ስል መሆኑ በመዝገቡ የተጻፈለት ሰው ነው። ጆንና ክላረንስ አንግሊን ከድሃ የእርሻ ሠራተኛ ቤተሰብ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው፤ በ1958 አላባማ ውስጥ ባንክ የዘረፉት በአሻንጉሊት ሽጉጥ ነበር። አራተኛው አለን ዌስት ነው፤ የመኪና ሌባ። ሽማግሌው የጠየቁት እሱን ነው።

ሥራው ወራት ፈጀ። ከምግብ ቤት በተሰረቀ ማንኪያ ከክፍላቸው ጀርባ ያለውን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ዙሪያውን ፈረፈሩት። ከአሮጌ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሞተር ፈትተው መሰርሰሪያ ሠሩ። ድምፁ እንዳይሰማ ምሽት ላይ እስረኞች ሙዚቃ የሚጫወቱበትን ሰዓት ጠበቁ። አንዱ አኮርዲዮን ሲጫወት ሌላው ግንብ ይፈለፍላል። ከሳሙና፣ ከጥርስ ሳሙና፣ ከመጸዳጃ ወረቀትና ከሲሚንቶ ብናኝ የሰው ጭንቅላት ሠርተው ከፀጉር ማስተካከያ ክፍል የለቀሙትን እውነተኛ ፀጉር ተከሉበት። ሌሊት ዘብ ሲያልፍ አልጋ ላይ የሚያየው ያንን ጭንቅላት ነው። ከ50 በላይ የዝናብ ካፖርቶች ሰብስበው በአየር የሚነፋ ታንኳና መንሳፈፊያ ሰፉ፤ ስፌቱን በጋለ የእንፋሎት ቧንቧ አጣበቁት። ታንኳውን የሚነፉት ደግሞ ኮንሰርቲና በምትባል ትንሽ የእጅ አኮርዲዮን ነው።

ይህ ሁሉ የት ተሠራ? እስረኞቹ ከሚኖሩበት ሕንፃ አናት፣ ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍት ቦታ ላይ። እዚያ ሲሠሩ ዘቦች ከታች እንዳያዩዋቸው የጋረዳቸው ብርድ ልብስ ነው። ብርድ ልብሱን እንዲሰቀል ያደረገው ማን ነው? ዌስት። ቀለም የመቀባትና የማጽዳት ሥራ ተሰጥቶት ስለነበር «አቧራው ወደ ታች እንዳይወርድ» ብሎ አሰቀለው። ያ መጋረጃ ባይኖር ካፖርቱም ታንኳውም ባልኖረ።

ሰኔ 11 ቀን 1962 ማታ መብራት ጠፋ። ሦስቱ በቀዳዳቸው ወጡ። ዌስት ግን መውጣት አቃተው። በክፍሉ ያለው ቀዳዳ ጠርዙ እየፈረሰ ስላስቸገረው፣ እንዳይታወቅበት በሲሚንቶ ደግፎት ነበር። ሲሚንቶው ጠንክሮ ቀዳዳውን አጠበበው፤ ፍርግርጉም አልነቃነቅ አለ። ጨው ሲበላው የኖረው ግንብ ለአንድ ሌሊት፣ ለአንድ ሰው ጠነከረ። ዌስት ሲቆፍር፣ ሲቆፍር ቆይቶ በመጨረሻ ወጣ። ጓደኞቹ ግን አልነበሩም። ወደ ክፍሉ ተመልሶ ተኛ። ሲነጋ ዘቡ እስረኛ ሊቀሰቅስ ሲነካው ጭንቅላቱ ተንከባሎ ወለል ላይ ወደቀ።

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። ዌስት በፊልሙ ውስጥ በስሙ የለም፤ በእሱ ቦታ ቻርሊ በትስ የሚባል ሰው ገብቷል። በትስ የሚቀረው ለምን መሰላችሁ? ፈርቶ ነው። ቁርጡ ሲመጣ ልቡ ይከዳዋል፤ ኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ሲነሳ ይመሽበታል፤ ተመልሶ ያለቅሳል። እኛም ቪዲዮ ቤት ሆነን «አይ ፈሪ!» ብለንበታል። ሲሚንቶ የያዘውን ሰው ፍርሃት የያዘው አስመሰሉት። ለፊልም ይህ ይመቻል። አክተሩ ደፋር የሚሆነው ከጎኑ አንድ ፈሪ ሲቆም ነዋ። ዌስት መልስ እንዳይሰጥ ፊልሙ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1978፣ ፍሎሪዳ ውስጥ እስረኛ እንደሆነ ሞቷል።

ፊልም እንዲህ ያደርጋል ብለን እንለፈው? ሌላም አለው። ሥዕል መሳል የተከለከለው ሽማግሌ እስረኛ ጣቶቹን በመጥረቢያ ሲቆርጥ ያሳያል። አልካትራዝ ውስጥ ጣቱን የቆረጠ እስረኛ በእርግጥ ነበር፤ ጊዜው ግን 1937፣ ሰውየውም ሩፍ ፐርስፉል የሚባል ሌላ ሰው ነው። የ1937ን ጣት አምጥቶ በ1962 ይቆርጠዋል። ሞሪስ ምን ሠርቶ እንደታሰረ ደግሞ ፊልሙ ብዙም አይነግረን። ይህንስ ሆን ብሎ ነው። የተዘረፈችው ባንክ ገንዘብ ቤት ያለችውን ሴት ቢያሳየን ኖሮ፣ ዘብ በመጣ ቁጥር ትንፋሻችንን የምንውጠው ለማን ነበር? ወንጀሉን ሲደብቅብን ሰውየው ብቻ ይቀራል። ሰው ከግንብ ጋር ሲታገል ያየ ሁሉ ለሰው ያዳላል። በዚህ አንፈርድበትም፤ የእኛም ልብ እንዲሁ ናት።

የዌስት ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ስለ ማንኪያው፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ጭንቅላቶቹ አሠራር ይህን ሁሉ ዝርዝር ከየት አወቅነው? ሦስቱ አልተመለሱም፤ ቃላቸውንም አልሰጡም። የነገረን ዌስት ነው። በማግስቱ መርማሪዎች ፊት ቀርቦ ዘረዘረው። መጀመሪያ ወደ ኤንጅል ደሴት፣ ከዚያ ወደ ማሪን የብስ ሊሻገሩ፣ መኪናና ልብስ ሊሰርቁ እንዳሰቡ የተናገረውም እሱ ነው። የእሱ ቃል ባይኖር መጽሐፉም ፊልሙም አይኖርም። ፊልሙ በዌስት አፍ ተነግሮ ዌስትን ፈሪ አደረገው።

«ታዲያ ከሐዲ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በእስር ቤት ሕግ ጓደኛውን ያወጣ ሰው ስሙ ክፉ ነው። ነገር ግን እሱ ሲናገር ሦስቱ ሙሉ ሌሊት ቀድመውታል። ጻድቅም አልነበረም። የሐሳቡ አመንጪ እኔ ነኝ ብሏል፤ ይህን ደግሞ አዎ ወይም አይደለም የሚሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የታሪክ ጸሐፊ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያመለጡት ዝም ይላሉ፤ የቀረው ይናገራል። የቀረው ሲናገር ደግሞ የራሱ ቁስል አለው። ስለዚህ ቃሉን እንሰማለን፣ ከተገኘው ዕቃ ጋር እናመሳክራለን እንጂ አንጥለውም፤ እንዳለም አንውጠውም።

የተገኘው ዕቃ ጥቂት ነው። መቅዘፊያ፣ መንሳፈፊያ፣ በውሃ በማይገባው ላስቲክ የተጠቀለለ የአንግሊኖች ፎቶግራፍና አድራሻ። በዚያ ሰሞን ዌስት እንዳለው የተሰረቀ መኪናም ልብስም አልተገኘም። መንግሥት «ሰጥመዋል» ወደሚለው አዘነበለ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ግን ጆን ፖል ስኮት የሚባል ሌላ የአልካትራዝ እስረኛ ዋኝቶ ወርቃማው በር ድልድይ ሥር ደረሰ፤ በብርድ ደንዝዞ ቢያዝም በሕይወት ነበር። «ባሕሩን መሻገር አይቻልም» የሚለው አፈ ታሪክ በዚያ ቀን ተሰበረ። በ2014 ደግሞ የኔዘርላንድስ የዴልፍት ተመራማሪዎች የዚያን ሌሊት ሞገድ በኮምፒውተር አስልተው፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነስተው ከነበረ ሊተርፉ ይችሉ ነበር አሉ። ቀደም ብለው ከሄዱ ሞገዱ ወደ ውቅያኖስ ይወስዳቸዋል። በሕይወትና በሞት መካከል ያለው የሰዓት ጉዳይ ነው።

ኤፍ.ቢ.አይ መዝገቡን የዘጋው ፊልሙ በወጣበት ዓመት መጨረሻ፣ በታኅሣሥ 31 ቀን 1979 ነው። ጉዳዩን የተረከበው የማርሻሎች መሥሪያ ቤት ግን አልተወውም፤ በ2022 ሳይቀር ሦስቱ ቢያረጁ ምን ሊመስሉ እንደሚችሉ የሚያሳይ ምስል አውጥቷል። እስር ቤቱ ራሱ በመጋቢት 1963 ተዘጋ። አሁን የብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ሰው በጀልባ እየሄደ የተፈረፈረውን ቀዳዳ ይጎበኛል። ግንቡን ታዋቂ ያደረጉት ያቆመው ሳይሆን ያመለጡት ሆኑ።

እናም የሽማግሌው ጥያቄ ይመለሳል። እኛ ስለ ሦስቱ ስንከራከር ውላችን «ሞቱ ወይስ ተረፉ» ነበር። ስለ አራተኛው ግን ክርክር አያስፈልግም ነበር፤ መልሱ መዝገብ ላይ አለ። ሠራ፣ ጋረደ፣ ቆፈረ፣ ዘገየ፣ ተመለሰ፣ ተናገረ፣ ታስሮ ሞተ። የሚታወቀውን ትተን የማይታወቀውን የምንወድ ለምንድን ነው? የሄደ ሰው በልባችን ውስጥ እንደፈለግን ይኖራል፤ ብራዚል እናደርሰዋለን፣ ሚስት እንድርለታለን። የቀረ ሰው ግን እንደሆነው ነው። በየሰፈራችንም እንዲሁ አይደል? ስለ ሄደው ሲወራ ቡና ሦስቴ ይፈላል። በሩን ይዞ የቀረውን፣ የሄደውንም ታሪክ የሚነግረንን ሰው «አንተስ ምን ሆንክ?» የሚለው የለም።

ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የለም፤ ሽማግሌውም አልፈዋል። ፊልሙን በቅርቡ ደግሜ አየሁት። ሦስቱ ጣሪያ ላይ ሲወጡ ልቤ እንደ ልጅነቴ ዘለለች፤ አልዋሽም። በትስ ተመልሶ አልጋው ላይ ሲወድቅ ግን ፊልሙን አቁሜ ትንሽ ቆየሁ። እሱ እኮ ነው የነገረን።