ከኪርያት ጋት ንጹሕ ክፍል እስከ ትንሿ ኮንቴይነር

የኪርያት ጋት ሰው እንጀራ ለብዙ ዓመታት ከስኳርና ከጨርቅ ይወጣ ነበር። ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ በደቡብ እስራኤል የላኪሽን አካባቢ ለማልማት በወጣው ዕቅድ ነው። ስሟ የወጣላት በአጠገቧ ያለው ጉብታ የጎልያድ አገር ጌት ነው ተብሎ ስለታመነ ነበር። አርኪዮሎጂስቶች ግን ኋላ ላይ ጌትን ወደ ሰሜን ባለው በቴል ኤስ-ሳፊ አገኟት። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ ከሞሮኮ የመጡ ሲሆኑ፣ የስኳር ፋብሪካውና ፖልጋት የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ድርጅት ሥራ ሰጧቸው።

ቤተ እስራኤላውያን የደረሱት የጨርቃ ጨርቁ ዘመን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው። በግንቦት 1991 «ዘመቻ ሰሎሞን» በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎችን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል አጓጓዘ። በዚህና ቀደም ብሎ በ1984 በተጀመረው «ዘመቻ ሙሴ» ከገቡት መካከል ብዙ ቤተሰቦች ኪርያት ጋት ከተሙ፤ አማርኛም ከከተማዋ ቋንቋዎች አንዱ ሆነ።

ከዚያ የቺፕ አምራቹ ኢንቴል መጣ። ኩባንያው ከ1974 ጀምሮ በሃይፋ ቢሮ ነበረው። መንግሥት ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ሲደጉመው በኪርያት ጋት ፋብ 18 የተባለውን ፋብሪካ ገንብቶ በ1999 ሥራ አስጀመረ፤ በ2008 ደግሞ ፋብ 28 ተከተለ። አዲሱ ፋብሪካ የጀመረው በ45 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ፣ በዓይን የማትታይ ብናኝ እንኳ አንድ ቺፕ ታበላሻለች።

ለዚህ ችግር መላ የዘየደው አሜሪካዊው ፊዚሲስት ዊሊስ ዊትፊልድ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የሳንዲያ ቤተ ሙከራ ባልደረባ ሳለ፣ የተጣራ አየር ሳያቋርጥ ወደ ወለሉ እየወረደ ብናኙን ይዞ የሚወጣበትን ንጹሕ ክፍል ሠራ። ከእሱ በፊት የነበሩት ክፍሎች ቢወለወሉም አቧራቸው አያልቅም ነበር። እስከ ዛሬም ቺፕ ወደሚሠራበት ክፍል የሚገባ ሰው ከራስ እስከ እግሩ ይሸፈናል፤ ኩልና ዱቄት አይቀባም፤ ተራ ወረቀትና እርሳስም ውጭ ይቀራሉ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ለሥራው የማያስፈልግ ነገር በሩን አያልፍም።

በእነዚያ ቺፖች ላይ የሚሮጠው ሶፍትዌር ግን ይህን ሕግ ለመቀበል ዘግይቷል። አንዱን ፕሮግራም ከሌላው የመለየት ሙከራ የጀመረው በ1979 በዩኒክስ 7ኛ እትም ነው፤ «ችሩት» የተባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙን በአንድ ማኅደር ውስጥ አጠረው። በ2000 የፍሪቢኤስዲ «ጄይል» አጥሩን አጠናከረው። ፋብ 28 በተከፈተበት በ2008 ደግሞ የጉግል መሐንዲሶች የጀመሩት «ሲግሩፕስ» ሊኑክስ ውስጥ ገባና ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የማስታወሻና የፕሮሰሰር ድርሻ መመጠን ተቻለ። በመጋቢት 2013 ሰሎሞን ሃይክስ ዶከር የተባለውን መሣሪያ ይፋ ሲያደርግ፣ ኮንቴይነር (እንዲህ የታጠረ ፕሮግራም) ማንኛውም ፕሮግራመር በደቂቃዎች የሚሠራው ነገር ሆነ።

ቅለቱ ግን ግዴለሽነትን አስከተለ። አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ለማስኬድ ሙሉ የኡቡንቱ ሥርዓተ ክወና ከነሼሉ (ትእዛዝ መቀበያው)፣ ከነጥቅል መጫኛው፣ ኮንቴይነሩ በሚነሳበት ፋይል (ኢሜጅ) ውስጥ ይታጨቅ ጀመር። ሰብሮ የገባ ሰው የሚያስፈልገውን መሣሪያ ሁሉ እዚያው ተዘጋጅቶ ያገኛል ማለት ነው። አልፓይን ሊኑክስ 5 ሜጋባይት በሚያህል መሠረት መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በ2017 ጉግል ያወጣው «ዲስትሮለስ» ሼሉንም ጥቅል መጫኛውንም ጨርሶ አስቀረ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። የሞዴል ማስኬጃው ፓይቶርች ኩዳ ከተባለው የግራፊክስ ካርድ ሶፍትዌር ጋር ሲጫን ኢሜጁ ብዙ ጊጋባይት ይሆናል። ባለሙያዎች አሁን የሚከተሉት መንገድ ግንባታውን በሁለት ደረጃ መክፈል ነው፦ ኮምፓይለሩና የግንባታ መሣሪያው በመጀመሪያው ደረጃ ይቀራሉ፤ ወደ ሁለተኛው የሚሻገረው ለማስኬድ የግድ የሚያስፈልገው ብቻ ነው። የሞዴሉ ክብደቶች ከኢሜጁ ውጭ ይቀመጡና ለንባብ ብቻ ይያያዛሉ፤ ፕሮግራሙም «ሩት» በተባለው ሙሉ ሥልጣን አይሮጥም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቀዳዳ አይጠፋም። በእስራኤላውያን የተመሠረተው ዊዝ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ በመስከረም 2024 በኤንቪዲያ ኮንቴይነር ቱልኪት ላይ ከባድ ስህተት ማግኘቱን ይፋ አደረገ፤ በክፋት የተዘጋጀ ኢሜጅ ከኮንቴይነሩ አልፎ የአስተናጋጁን ኮምፒውተር ፋይሎች ሊደርስባቸው ይችል ነበር። በሐምሌ 2025 ተመሳሳይ አደጋ ያለው ሌላ ስህተት ተገለጠ፤ እሱን ለመጠቀም ሦስት መስመር የዶከር ፋይል በቂ ነበር። ሁለቱም ስህተቶች ያሉት ኢሜጁ ውስጥ አልነበረም፤ ኮንቴይነሩን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር በሚያገናኘው ድልድይ ላይ ነበር። ኢሜጁ የቱንም ያህል ቢያንስ ድልድዩን አይጠግነውም።

አዲስ አበባም ሆነ ኪርያት ጋት፣ በራሱ ሰርቨር ላይ ሞዴል የሚያስኬድ ባለሙያ ኢሜጁን ካሳነሰ በኋላ ሥራው አላለቀም። የመጀመሪያው ስህተት በቱልኪቱ 1.16.2 እትም፣ ሁለተኛው በ1.17.8 ታርመዋል፤ ከ1.17.8 የቆየ እትም ያለው ሰው ዛሬውኑ ያድስ።