ያረጀ የቤት ራውተር ከመቀየሩ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

ራውተር ከውጭ የገባውን የኢንተርኔት መስመር ተቀብሎ በቤት ውስጥ ላሉ ስልኮች፣ ኮምፒውተሮችና ቴሌቪዥኖች ያለ ገመድ የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። ዋይፋይ ሲዳከም ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያማው ይህንኑ ሳጥን ነው። ይሁንና አዲስ ተገዝቶ ከተተከለ በኋላ ችግሩ ባለበት የሚቀጥልበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም፤ ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የራውተሩ አልነበረምና።

ጥፋቱን ለመለየት ስልኩን ይዞ ከራውተሩ አንድ ሜትር ያህል ርቆ መሞከር ይጠቅማል። በቅርብ ጥሩ ሠርቶ በሌላው ክፍል የሚደክም ከሆነ፣ ችግሩ ራውተሩ የተቀመጠበት ስፍራ ሊሆን ይችላል። በቅርብም ቀርፋፋ ከሆነ ሌሎቹን ስልኮች ከዋይፋዩ አላቅቆ እንደገና መሞከር፣ ኮምፒውተር ካለም በገመድ አገናኝቶ ማየት ይገባል። በገመድም ፍጥነቱ ካልተሻሻለ ጥርጣሬው ወደ መስመሩ ያመራል፤ አቤቱታውም ለአገልግሎት ሰጪው ነው።

ራውተሩ በራሱ ጊዜ እየጠፋ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው ከሶኬቱ ላይ የሚሰካው አዳፕተር ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚዋዥቅበት አካባቢ ከራውተሩ ቀድሞ አዳፕተሩ ሊደክም ይችላል። ምትክ ሲገዛ በላዩ የተጻፈው ቮልት ከቀድሞው ጋር እኩል፣ አምፔሩም እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት፤ የጫፉ መጠንና የፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ምልክቱም መመሳሰል ይኖርበታል። ዋጋውም ከአዲስ ራውተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ራውተሩ እየሠራ ቢገኝ እንኳ መቀየር ግድ የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ እርሱም ደኅንነት ነው። አምራቾች ለአንድ ራውተር የውስጥ ሶፍትዌር ማሻሻያ የሚልኩት ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው። ማሻሻያው ከቆመ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። እ.ኤ.አ በ2018 ቪፒኤን ፊልተር የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር በ54 ሀገራት ቢያንስ 500 ሺህ ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን መበከሉ ይታወቃል። እ.ኤ.አ በ2025 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ ማሻሻያ የቆመላቸው አሮጌ ራውተሮች ለወንጀለኞች መሸሸጊያነት እየዋሉ መሆኑን አስጠንቅቋል። በእንዲህ ያለ እጅ የገባ ራውተር ባለቤቱ ሳያውቅ ወደ ሐሰተኛ የባንክ ገጽ ሊመራው ይችላል። የእህል ሽያጭ ገንዘቡንም ሆነ ደመወዙን በስልኩ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ጉዳዩ ከፍጥነት በላይ ነው።

ምልክቱን ማወቅ ከባድ አይደለም። በስልኩ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ የደኅንነቱ ዓይነት ደብሊውኢፒ ወይም ቁጥር የሌለው ደብሊውፒኤ ብቻ ከሆነና በራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ሌላ ምርጫ ከሌለ፣ ጊዜው አልፎበታል። ደብሊውፒኤ2 እ.ኤ.አ ከ2004፣ ደብሊውፒኤ3 ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ያለ ነው።

ግዢ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ከቤቱ መስመር ጋር የማይገጥም ዕቃ በመግዛት ነው። ገበሬ የአፈሩን ዓይነት ሳያይ ዘር እንደማይገዛ ሁሉ፣ እዚህም በቅድሚያ የሚታየው ወደ ቤት የገባው መስመር ነው። በቀጭን የስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት የኤዲኤስኤል መግቢያ ያለው መሣሪያ ይፈልጋል፤ ተራ ራውተር በዚህ ሽቦ ብቻውን አይሠራም። ፋይበር ከሆነ ብርሃኑን የሚቀበለው ኦኤንቲ የተባለው መሣሪያ ከአገልግሎት ሰጪው የሚመጣ ስለሆነ፣ ከገበያ የሚገዛው ራውተር በገመድ ከእርሱ ጋር የሚያያዝ ነው። ኦኤንቲው ራሱ ከተበላሸ ወደ አገልግሎት ሰጪው መሄድ እንጂ ገበያ መውጣት አይበጅም። መስመር ባልደረሰበት ገጠር ደግሞ ሲም ካርድ የሚቀበል የ4ጂ ራውተር ያስፈልጋል።

ከዓረብ ሀገራት በዘመድ እጅ የሚላኩ የ4ጂ ራውተሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። አንዳንዶቹ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፉ ናቸው፤ ሌሎቹ የእኛን ሀገር ሞገድ ላይቀበሉ ይችላሉ። በራስ ሲም ሳይሞክሩ ገንዘብ መክፈል አይመከርም። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነም አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት ይገባል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል።

ስለ ትውልዱ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ዋይፋይ 5 እና 6 የሚባሉት ለብዙ ቤት በቂ ናቸው። የተመዘገበው መስመር ፍጥነቱ ዝቅተኛ ከሆነ የቅርብ ጊዜው ውድ ራውተር አያፋጥነውም። በ2.4 እና በ5 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ መሆኑ ግን ይጠቅማል፤ የመጀመሪያው ግድግዳን የተሻለ ያልፋል፣ ሁለተኛው በቅርብ ርቀት ይፈጥናል።

አሮጌው ከመነቀሉ በፊት መስመሩ የሚከፈትበት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በወረቀት መጻፍ አለበት። እርሱ ሳይያዝ የቀረ ቤት ለቀናት ያለ ኢንተርኔት ሊቆይ ይችላል። በአዲሱ ላይ የቀድሞው የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ቢሰጥ ስልኮቹ ሁሉ ያለ ድካም ይገናኛሉ፤ የቀድሞው የይለፍ ቃል ለጎረቤት ሁሉ የታወቀ ከሆነ ግን መቀየሩ ይሻላል። ከፋብሪካ የመጣው የማስተካከያ ገጹ የይለፍ ቃል በዚያው ዕለት መለወጥ አለበት።

አቀማመጡ በቤቱ መካከል፣ ከፍ ካለ ስፍራ ይሁን። ቆርቆሮ፣ መስተዋትና ማቀዝቀዣ ሞገዱን ይመልሱታል፤ በቆርቆሮ ግድግዳ የተከፈለ ቤት ውስጥ ዋይፋዩ ከክፍል ክፍል ባያልፍ አይገርምም። በየቤቱ እንደ ጌጥ በራውተር ላይ የሚለበሰው ዳንቴልም ቢነሣ መልካም ነው፤ ሙቀት አፍኖ ዕድሜውን ያሳጥራል። በክረምት ነጎድጓድ ከመቅረቡ አስቀድሞ የኤሌክትሪኩን ሶኬት ብቻ ሳይሆን የስልክ ሽቦውንም መንቀል ይገባል፤ መብረቅ በሁለቱም ይገባልና።

አሮጌው ለሌላ ሰው የሚሰጥ ወይም የሚሸጥ ከሆነ፣ በርቶ ሳለ ከጀርባው ያለችውን ጠባብ የሪሴት ቀዳዳ በቀጭን ነገር ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ በውስጡ የቀረውን የይለፍ ቃል ያጠፋዋል።