ከዘንገና እስከ ዳንግላ፦ የድሮ አጭር ሞገድ ሬዲዮን ማንነት መለየት

የአጭር ሞገድ ሥርጭት ወደ ሰማይ ወጥቶ ከአዮኖስፌር እየተመለሰ ስለሚወርድ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይሰማል። በጎጃም በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በጥሊሊ መካከል ባለው የዘንገና ሐይቅ ዙሪያም ሆነ በዳንግላ፣ የኤፍ ኤም ጣቢያ ከመስፋፋቱ በፊት የሩቁን ዓለም ድምፅ ወደ ቤት ያስገባው በዋናነት ይኸው ሞገድ ነው። ዛሬ ከቆጥና ከዕቃ ቤት የሚወጣ፣ ስሙ የጠፋና ሣጥኑ የተሰነጠቀ ሬዲዮ ምንጩና ዕድሜው የሚታወቀው አካሉ የሚሰጠውን ማስረጃ ከሥርጭት ታሪክ ጋር በማገናዘብ ነው።

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሥርጭት በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአቃቂ ተሰማ። ዳግማዊው የኢጣሊያ ወረራ ሥርጭቱን ቢያቋርጠውም አጭር ሞገድ በጎጃም አርበኞች ትግል ውስጥ ሥራ ነበረው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በብሪታንያዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሽን 101 የተባለ የጦር ቡድን ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባ ከካርቱም ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ወጡ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚገኝ አሮጌ መሣሪያ ሁሉ የቤት ሬዲዮ ነው ብሎ መነሣት ያሳስታል። በብሪታንያ የጦር ዕቃ ላይ የሚመታው የቀስት ምልክት፣ የቴሌግራፍ ቁልፍ መሰኪያና የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የወታደር መሣሪያ መሆኑን ይጠቁማሉ።

ለሕዝብ አድማጭ ወሳኙ ዘመን ከዚያ በኋላ መጣ። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ድምፅ የተባለው ጣቢያ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ኃይል ባላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ከአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ደግሞ በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ተከፈተ። እነዚህን ለመስማት የተገዛ ሬዲዮ እንደ 31 እና 41 ሜትር ያሉ የአጭር ሞገድ መስመሮችን ማግኘት ነበረበት። ሜትሩን ወደ ሜጋኸርዝ ለመለወጥ 300ን በሜትሩ ማካፈል ይበቃል፤ 31 ሜትር ወደ 9.7 ሜጋኸርዝ ይጠጋል።

የመለየቱ ሥራ የሚጀመረው ከኃይል ምንጩ ነው። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ገጠር የተገዛ የቫልቭ (የመስታወት ቱቦ) ሬዲዮ በባትሪ የሚሠራ ነበር፤ ለቫልቮቹ ማሞቂያ 1.5 ቮልት፣ ለዋናው ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ 90 ቮልት የሚሰጥ ሌላ ባትሪ ይፈልጋል። በሣጥኑ ውስጥ ለሁለት ዓይነት ባትሪ የተሠራ ቦታና መሰኪያ ካለ ማስረጃው ጠንካራ ነው። ትራንስፎርመርና የቮልት መምረጫ ያለው ግን ለከተማ መብራት የተሠራ ነው። በጥቂት የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ብቻ የሚሠራው የትራንዚስተር ዘመን ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ የትራንዚስተር ሬዲዮ በ1947 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ወጣ።

ቀጥሎ የሚነበቡት ቫልቮቹ ናቸው። በአውሮፓ አሰያየም የመጀመሪያው ፊደል የማሞቂያውን ዓይነት ይገልጻል፦ ዲ 1.4 ቮልት የባትሪ ቫልቭ፣ ኢ 6.3 ቮልት፣ ዩ ደግሞ ማሞቂያዎቹ በተከታታይ የሚያያዙበት ነው። ዲኬ96፣ ዲኤፍ96፣ ዲኤኤፍ96 እና ዲኤል96 አብረው ከተገኙ ሬዲዮው ባትሪ እንዲቆጥብ የተሠራ ነው፤ የአብዛኞቹ ማሞቂያ ቀድመዋቸው የነበሩት ከሚወስዱት 50 ሚሊአምፔር ግማሹን ብቻ ይወስዳል። ኦሲ44 እና ኦሲ45 የተባሉት ትራንዚስተሮች ወደ አውሮፓ፣ በ2ኤስኤ ወይም በ2ኤስቢ የሚጀምሩት ወደ ጃፓን ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ጠጋኝ የተቃጠለውን ባገኘው ስለሚተካ፣ የአንድ ቫልቭ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የቫልቩ መሰኪያ፣ የፋብሪካው ብየዳና በሻሲው (ክፍሎቹ በተተከሉበት የብረት አካል) ላይ የተመታው ቁጥር አብረው ይታያሉ።

የጣቢያ መፈለጊያው ሰሌዳ፣ የከተሞች ስም ስለሚጻፍበት፣ ሌላው መዝገብ ነው። ሊዮፖልድቪል በ1958 ዓ.ም. ኪንሻሳ፣ ሎሬንሶ ማርኬሽ በ1968 ዓ.ም. ማፑቶ፣ ሳልስበሪ በ1974 ዓ.ም. ሐራሬ ተብለዋል፤ የቀድሞው ስም መኖሩ ሰሌዳው ከለውጡ በፊት ለመነደፉ ጥሩ ፍንጭ ነው። «በምዕራብ ጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍም ዘመኑን በ1941 እና በ1983 ዓ.ም. መካከል ይወስነዋል። የኤፍ ኤም መስመር ግን ያታልላል። ኤፍ ኤም ጀርመን ውስጥ በ1941 ዓ.ም. ስለጀመረ፣ ይህ መስመር ያለው ሬዲዮ አዲስ አበባ የራሷን የኤፍ ኤም ጣቢያ ከማግኘቷ አሥርተ ዓመታት ቀድሞ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ለሞቃት አገሮች ከተላኩት ሞዴሎች ብዙዎቹ ኤፍ ኤምን ትተው አጭር ሞገዱን ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፍሉታል። የሰሌዳው መስታወት ጠፍቶ ከሆነ የሞገድ መምረጫው ስንት ቦታ እንደሚቆም መቁጠር ይረዳል።

በፊት ለፊት የተለጠፈው የንግድ ስም ከሁሉ ደካማው ማስረጃ ነው፤ አንድ ፋብሪካ ለብዙ ነጋዴዎች በተለያየ ስም ይሠራ ነበር። ሣጥንና ሻሲም በጥገና ጊዜ ይቀያየራሉ። የሞዴል ቁጥር ያለው ብዙ ጊዜ በጀርባው ክዳን ላይ ነው፤ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የቫልቮቹ አቀማመጥ ሥዕልም ይገኛል። ቁጥሩ ሲገኝ ከፋብሪካው የጥገና መጽሐፍና ከሰርኪዩት ንድፉ ጋር ይመሳከራል። የባለቤቱ ቤተሰብ ከማን እንደተገዛ፣ በምን እንደሚሠራና የትኛው ጣቢያ ይሰማበት እንደነበር የሚናገረውም መመዝገብ አለበት።

ማንነቱ ሳይታወቅ ሬዲዮውን መብራት ላይ መሰካት አይገባም፤ በዩ ቫልቮች የሚሠሩት ብዙዎቹ ትራንስፎርመር ስለሌላቸው ሻሲያቸው ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። በአዊ ቤቶች ውስጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘ ሰው ከመጠገኑ በፊት ፎቶ ያንሳው፤ የጀርባ ክዳኑንና የተቀየሩ ዕቃዎቹንም አይጣል።