አርቪንድ ጉፕታ

አርቪንድ ጉፕታ (እ.ኤ.አ. በ1953 የተወለዱ) ሕንዳዊ መሐንዲስ፣ የሳይንስ አስተማሪና ደራሲ ናቸው። ከወዳደቁ ዕቃዎች የሚሠሩ የሳይንስ መጫወቻዎችን በድረ ገጻቸው ለመምህራንና ለልጆች በነጻ በማቅረብ ይታወቃሉ።

ሕይወት

እ.ኤ.አ. በ1975 ከካንፑር የቴክኖሎጂ ተቋም በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቀው በፑኔ ከተማ በመኪና ፋብሪካ ሠሩ። በ1978 የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስደው፣ የገጠር ልጆች ሳይንስን በቃል ከማጥናት ይልቅ በእጃቸው እየሞከሩ እንዲማሩ በሆሻንጋባድ አውራጃ የተጀመረውን ፕሮግራም ተቀላቀሉ።

የክብሪት እንጨት ሞዴሎች

በዚያ የፈጠሩት ሥራ የሚጠይቀው የክብሪት እንጨትና ቀጭን የብስክሌት ቫልቭ ጎማ ብቻ ነው። ጎማው ተቆራርጦ የእንጨቶቹ ማያያዣ ይሆናል። ከአራት እንጨት የተሠራ ካሬ ሲነካ ይዘማል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ቅርጹን አይለቅም። ተማሪው ጣሪያና ድልድይ በሦስት ማዕዘን የሚዋቀሩበትን ምክንያት ከዚህ ይረዳል።

ድረ ገጹ

ድረ ገጹ የመጫወቻዎቹን አሠራር በፎቶግራፍና በአጫጭር ቪዲዮዎች ደረጃ በደረጃ ያሳያል። መጻሕፍትም በተለያዩ ቋንቋዎች ይገኙበታል። ለምሳሌ የፕላስቲክ መጠጫ ስትሮ ጫፉ ተጠፍጥፎ፣ ሹል ሆኖ ተቆርጦ ሲነፋ እንደ ዋሽንት ይጮኻል። እየተነፋ በመቀስ ሲያጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ዕቃው ዋጋ ስለሌለው ልጁ መጫወቻውን አፈራርሶ ውስጡን ለማየት፣ መልሶም ለመሥራት አይሰጋም።

ሽልማት

እ.ኤ.አ. በ2018 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጥቷቸዋል።