ታይቶ የታለፈው ኮከብ

ስለ ጠፈር ሲወራ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሮኬትና በጨረቃ ላይ የተራመዱት ሰዎች ናቸው። ዛሬ ግን ከአንድ ቤት ጓሮ የተነሣ ታሪክ እናካፍላችኋለን።

በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ዊልያም ሄርሽል የሚባል ሰው ይኖር ነበር። የተወለደው በጀርመን፣ በሃኖቨር ነው። ሙያው ሙዚቃ ሲሆን በከተማው ባለ አንድ የጸሎት ቤት ኦርጋን ይጫወት ነበር። ቀን ሙዚቃ ሲያስተምር ይውልና ሌሊት ከዋክብትን ይመለከታል። እንደሚፈልገው ያለ ቴሌስኮፕ ገዝቶ ማግኘት ስላልቻለ መዳብና ቆርቆሮ አቅልጦ መስታወቱን ራሱ ሠራ። መስታወቱን ሲያለሰልስ አንዳንዴ እስከ 16 ሰዓት ያህል እጁን ስለማያነሣ፣ እህቱ ካሮላይን ምግቡን ታጎርሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1781 ማታ፣ ሄርሽል በጓሮው ሆኖ ሰማዩን ሲቃኝ አንድ የብርሃን ነጥብ ከሌሎቹ ለየት አለበት። የቴሌስኮፑን የማጉላት ኃይል ሲጨምር ከዋክብቱ ነጥብ እንደሆኑ ቀሩ፤ ያኛው ግን እየሰፋ መጣ። ከአራት ቀን በኋላ ተመልሶ ሲያየው ቦታውን ቀይሯል። እርሱ ጅራታም ኮከብ መሰለው። ሊቃውንት መንገዱን ሲያሰሉ ግን ከሳተርን ሁለት እጥፍ ርቆ ፀሐይን በ84 ዓመት አንዴ የሚዞር ፕላኔት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ዩራነስ የምንለው ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዩራነስን መጀመሪያ ያየው ሄርሽል አልነበረም። በግሪንዊች የንጉሡ የከዋክብት ተመራማሪ የነበረው ጆን ፍላምስቲድ በ1690 አይቶት ነበር፤ በከዋክብት መዝገብም በታውረስ 34ኛው ኮከብ ተብሎ ገባ። ፈረንሳዊው ሌሞኒየም ከ1750 እስከ 1769 ባሉት ዓመታት ደጋግሞ አየው። ሁለቱም የተማሩና ትጉ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ከብዙዎቹ እንደ አንዱ ቆጥረው አለፉት።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1977 የተመነጠቀችው ቮያጀር 2 መንኮራኩር፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1986 በዩራነስ አጠገብ አለፈች። እስከ ዛሬ እርስዋን ተከትሎ ወደዚያ የደረሰ ሌላ መንኮራኩር የለም። በላከቻቸው ፎቶዎች በዚያን ጊዜ 10 አዳዲስ ጨረቃዎች ታወቁ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ አንድ ተመራማሪ እነዚያኑ የቆዩ ፎቶዎች እንደገና ሲመረምር ማንም ያላስተዋላትን አንዲት ጨረቃ አገኘ። ፎቶው ላይ ነበረች፤ ያያት ግን አልነበረም። ስሟ ፐርዲታ ተባለ፤ በላቲን «የጠፋችው» ማለት ነው።

ወገኖች፣ ፍላምስቲድ ከከዋክብት ተመራማሪነቱ ሌላ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይም ነበር። ይህን ስናነብ ልባችን ተነካ። ባገለገልንበት አጥቢያ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ወንድም ነበር። እሑድ እሑድ በር ላይ ጨብጠነው «ተባረክ» ብለን እናልፋለን። መምጣት ካቆመ አራት ወር እንደሆነው ያወቅነው ሌላ ሰው ሲነግረን ነው። ሥራ አጥቶ፣ የቤት ኪራይ ከብዶት፣ ከተማውን ለቆ ሄዷል። ስሙ በአባላት መዝገባችን ላይ በደንብ ተጽፎ ነበር። እኛ ግን አላየነውም።

መዝሙረኛው በ147ኛው መዝሙር እግዚአብሔር ከዋክብትን ቆጥሮ ሁሉንም በየስማቸው እንደሚጠራ ይነግረናል። በዚያው ስፍራ፣ ከዚህ ቃል አስቀድሞ፣ ልባቸው የተሰበረውን እንደሚፈውስ ተጽፏል። ጌታችንም ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን የጠፋ በግ ስለሚፈልግ እረኛ አስተምሮናል። በእርሱ ዘንድ ከብዙዎቹ እንደ አንዱ ተቆጥሮ የሚታለፍ የለም። ይህን የምታነቡ፣ «ማን ያየኛል?» የምትሉ ካላችሁ፣ እርሱ ያያችኋል።

ደመና በሌለበት ምሽት ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ደጅ ውጡ። መብራቱን አጥፉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ታገሡ። የሚርገበገቡት ከዋክብት ናቸው፤ ረግቶ የሚያበራው ብዙውን ጊዜ ፕላኔት ነው። ጁፒተር በሚታይበት ወቅት የሩቅ ማያ መነጽር ካላችሁ፣ እጃችሁን አንድ ነገር ላይ አስደግፋችሁ ተመልከቱት፤ በአጠገቡ እስከ አራት ጨረቃዎች ታያላችሁ። በማግስቱም ተመልሳችሁ እዩ፤ ቦታቸውን ቀይረው ታገኟቸዋላችሁ።

ወደ ቤት ስትመለሱ ደግሞ ሰሞኑን ከመካከላችሁ የጎደለ ሰው ካለ አስቡና ደውሉለት። እኛም ያንን ወንድም በብዙ ፍለጋ አግኝተን ይቅርታ ጠይቀነዋል። ዛሬ በየሳምንቱ በስልክ አብረን እንጸልያለን።

ጌታ የሚያስተውል ዓይን ይስጠን። ጸጋው ይብዛላችሁ።