የትኛው ገላን?

«ገላን ነው የምኖረው» ያለ ሰው «የትኛው ገላን?» መባሉ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ገላን ኮንዶሚኒየም አለ። አቃቂን አልፈው በዱከም መንገድ ሲሄዱ የሚያገኙት የገላን ከተማ አለ፤ እሱ ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው ሸገር ከተማ ሥር ነው። እዚያው ሸገር ውስጥ ገላን ጉዳ የሚባል ሌላ ክፍለ ከተማ አለ፤ «ጉዳ» በኦሮምኛ ትልቅ ማለት ነው። ገላን ጉራ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከካዛንችስ የተነሡ ቤተሰቦች የገቡበት ነው። መታወቂያቸውን ከተለያየ መስተዳድር የሚያወጡ ሰዎች አንድ ስም ይጋራሉ።

ስሙ መጀመሪያ የመሬት አልነበረም፤ የሰው ነበር። ገላን ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች አንዱ ሲሆን በትውልድ ሐረጉ ከዳጪ ወገን ይቆጠራል። የዛሬዋን አዲስ አበባ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ይዞ ወደ ዱከም የሚወርደው ሜዳ ሰፈሩ ነበር። የቱለማ የገዳ ሥርዓት ማዕከል የሆነው ኦዳ ነቤም ከዱከም ብዙ አይርቅም። አገር በሰፈረበት ሕዝብ ስም ሲጠራ ቆይቶ የጎሳው ስም የቦታው ሆኖ ቀረ። ጉለሌም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ የካም ኤካ ከሚባለው ጎሳ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እነዚህ ስሞች ቀድመው ነበሩ። ስለዚህ ገላን ኮንዶሚኒየም የሚለው ስም ሁለተኛ ቃሉ ትናንት የመጣ ቢሆንም፣ የፊተኛው ከከተማዋ በዕድሜ ይበልጣል።

ዙሪያውን ያሉትን ስሞችም ልብ ብሎ የሚሰማ ሰው መልክዓ ምድሩን ያገኝባቸዋል። ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ ነው። የአዲሱ ኢትዮ ጅቡቲ ባቡር የጭነት ጣቢያ የቆመበት እንዶዴ፣ ልብስ የሚታጠብበትን እንዶድ ያስታውሳል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁለት ያው እንዶድ ነው። የቀድሞው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በአቃቂ በኩል አልፎ ነው፤ አካባቢው የፋብሪካ መንደር የመሆኑም ነገር ከዚያ ይጀምራል። ዛሬ ቂሊንጦ የቢራ ፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ አለው፤ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በዚያው አቅጣጫ ነው። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዳማ ፈጣን መንገድ ክፍያ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው።

አፈሩ ግን የገበሬ ነው። መረሬ ይባላል፤ ጥቁር፣ ጤፍና ሽንብራ የሚወድ አፈር። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጫማ ላይ ከያዘም በእንጨት ካልፈቀፈቁት አይለቅም። ቤት የሚሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ ገረጋንቲ ማስሞላት አለበት፤ ያለዚያ ግድግዳው ሳይቆይ ይሰነጠቃል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከአስፋልት ወርዶ ወደ ብሎኩ ሲያቋርጥ ነሐሴ ላይ ቦቲ የሚጫማው በዚሁ ምክንያት ነው።

የኮንዶሚኒየም ቤቶች ልማት ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር መሬት የተገኘው እንዲህ ባለው የከተማ ዳርቻ ነበር። ለቆጣቢው ዕጣ መውጣት የዕድሜ ልክ ደስታ ነው፤ አርሶ አደሩ ግን ካሳ ተቀብሎ ከእርሻው ተነሣ። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ በወጣ ጊዜ በኦሮሚያ ከተሞች የተነሣው ተቃውሞ ይህን በአደባባይ አሳይቷል። በዚህ አካባቢ ስለ ስም ሲወራ ስለ መሬቱ አለማውራት ልክ አይመስለኝም።

የካዛንችስ ሰዎች ወደ ገላን ጉራ መምጣት የስም ታሪክን ለሚከታተል ሰው የተለየ ነገር ነው። ካዛንችስ የሚለው ስም «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ኢንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበት ተቋም ነበር። እዚያ የቤት ሠሪ ድርጅት ስም የሰፈር ስም ሆነ፣ ሰፈሩም እንደ ርስት ኮራበት። እዚህ ደግሞ የአንድ ጎሳ ስም የቤት ፕሮጀክት መጠሪያ ሆነ። ሁለቱ በተቃራኒ መንገድ መጥተው አንድ ሜዳ ላይ ተገናኝተዋል። የካዛንችስ ልጅ ገላን ላይም የካዛንችስ ልጅ ነኝ ማለቱ አይቀርም፤ ቢል ደስ ይለኛል። እዚያ የሚወለዱት ልጆቹ ግን የገላን ልጆች ናቸው፤ ስሙ የማን እንደነበረ ሊነገራቸው ይገባል።

ብዙው ስም እስካሁን የተጻፈ አይደለም። እያንዳንዱ ጅረት፣ እያንዳንዱ ጨፌና ማሳ የራሱ መጠሪያ ነበረው፤ አሁን በብሎክ ቁጥር ተሸፍኗል። በሜዳው ላይ ያረሱ አዛውንቶች ግን ገና በአካባቢው አሉ፤ ስሞቹን በኦሮምኛ አንድ በአንድ ይቆጥሩላችኋል። ወረዳው ወይም ትምህርት ቤቶቹ መዝገብ ይዘው ቢጠይቋቸው፣ ስሞቹም በየመንገዱና በየብሎኩ መግቢያ በታፔላ ቢጻፉ፣ ሥራው ከባድ ወጪ የለበትም።