ጅብራ
የደረቀ የአበባ ዘንግ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ

የሳነቴ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ግድም ላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ምድሩ በውርጭ ይነጣል። አስታ የተባለው ዛፍ እንኳ በአብዛኛው ዳገቱ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ብርማ ቅጠል ያለው አጭር ቁጥቋጦ፣ ሣርና ረግረግ ነው። ከዚህ መሐል ጅብራ ብቻውን ቀጥ ብሎ ይታያል (አልነቃነቅ ያለን ሰው «እንደ ጅብራ ተገተረ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም)።

ይህ ተክል ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ሌላ የትም በዱር አይበቅልም። ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሲያወጣ ይኖራል። ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ መሐል ያለውን ለጋ እምቡጥ ከውርጭ ይከልላል፤ ሲነጋ ይዘረጋቸዋል። ከዚያ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል። የአበባ ማር የሚመጥጡ ወፎች ይመላለሱበታል። ዘሩ ሲበስል ተክሉ ይሞታል። ዘንጉን የሸፈኑት እነዚህ ደረቅ ፍሬዎች እጅግ የደቀቁ ዘሮች ይዘው ነበር፤ የሚበትናቸው ነፋስ ነው።

የአየር ሙቀት በጨመረ ቁጥር ለጅብራ የሚስማማው ብርድ ወደ ላይ ይሸሻል። የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ያበቃል።